ከአዲስ አበባ ለ4 ቀን ወደ ኦስሎ፦ ልጆችና እናት ይዘን በረዶ ላይ ምን ይቻላል?

ጥያቄ፣ ቤዛ

ሰላም ወገኖች። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ማለትም በእኛ የካቲት አጋማሽ ለ4 ቀን ኦስሎ እንመጣለን። የምናርፈው መሀል ከተማ አጎቴ ቤት ነው። የ8 እና የ12 ዓመት ልጆች፣ የ64 ዓመት እናቴና እኔ ነን። ማናችንም በረዶ ረግጠን አናውቅም። እናቴ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ዐቢይ ጾምም ይገባባቸዋል። መኪና የለንም። ልጆቹ ስኪ ስኪ እያሉ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው ነው? ምን እንልበስ? እናቴስ ቤት ተቀምጠው እንዳይውሉ ምን ይሻላል?

ኖርድማርካ

እህቴ፣ ከስኪ በፊት ልጆቹን ኮርከትረከረን ውሰጃቸው። በተቀመጡበት የሚንሸራተቱበት ቁልቁለት ነው፤ ስሙ የቡሽ መንቀያ ማለት ሲሆን የወጣለትም ስለሚጠማዘዝ ነው። 2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከላይ እስከ ታች 255 ሜትር ይወርዳል። ሥልጠና አይፈልግም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከናሽናልቲያትረት ጣቢያ የቲባነን (የከተማው ባቡር) 1 ቁጥር መስመር ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ፍሮግነርሰተረን ድረስ ውጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው አጠገብ መንሸራተቻና ሄልሜት ይከራያል። ተንሸራታችሁ የምትደርሱት ሚድትስቱወን ጣቢያ ስለሆነ መንሸራተቻውን ይዛችሁ በዚያው ባቡር ወደ ላይ ትመለሳላችሁ። ለእሱ የተለየ ክፍያ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቲኬቱ ላይ ነው። የዞን 1 (ኦስሎ ያለችበት ክልል) ነጠላ ቲኬት የሚያገለግለው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። መውረጃው 10 ደቂቃ፣ ባቡር መጠበቂያው፣ መመለሻው ሩብ ሰዓት ያህል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጊዜው ያልቅባችኋል። የ24 ሰዓት ቲኬት ግዙ፤ ብዙ ቀን ከዋላችሁ የ7 ቀኑን ከእሱ ጋር አወዳድሩት። ከመሳፈራችሁ በፊት መገዛት አለበት። ባቡር ውስጥ ሆኖ ስልክ ላይ መግዛት ከቅጣት አያድንም።

አነዳዱን ልጆቹ ከላይ ሳሉ ይለማመዱት። ወደ ግራ ለመዞር የግራ ተረከዝን በረዶው ላይ መጫን፣ ወደ ቀኝ የቀኙን፣ ለማቆም ሁለቱንም ነው። ከተረከዝ የሚነሣው በረዶ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ መነጽር በጣም ይጠቅማል። ሱሪው ከቦቱ ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ በረዶው ካልሲ ላይ ይሞላል። ስካርፍ ፈጽሞ አይሆንም፣ ተንጠልጥሎ ይያዛል። አንገት ላይ የሚጠልቅ የሱፍ ቱቦ ይሁን። የ8 ዓመቱ ልጅ ከፊትሽ በእግሮችሽ መሀል ይቀመጥ፣ እግሩንም መንሸራተቻው ላይ ያድርግ። የወደቀ ሰው እዚያው ቆሞ ልብሱን አያራግፍም፤ ከኋላ የሚመጣው ማቆም አይችልምና ወዲያው ወደ ዳር ይውጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአማርኛ ሁሉንም «በረዶ» እንለዋለን፣ እዚህ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። አዲስ የወደቀው ለስላሳው ያዝ ያደርጋል። ዝናብ ጥሎ ሌሊት የረጋው ግን መስታወት ነው፣ ተረከዝ አይገባበትም። እንዲህ ያለ ጠዋት ከልጆች ጋር ወደዚያ አትሂዱ፤ መሀል ከተማ ያለው የሳንክትሀንስሀውገን ፓርክ አጭር ቁልቁለት ይበቃቸዋል።

የጀማሪ አሰልጣኝ

ወደ ስኪው ልምጣ። ለ4 ቀን እንግዳ የምመክረው ላንግረን ነው፤ በሜዳና በጫካ ውስጥ የሚኬድበት ቀጭኑ ስኪ። ቁልቁል የሚወረድበት አልፒን የሚባለው ስኪ ትሪቫን በሚባል ቦታ አለ፤ ግን የሊፍት ቲኬቱ፣ ከባዱ ጫማና ሄልሜቱ ሲደመር ውድ ነው፣ ያለ አስተማሪም አይጀመርም።

ሲከራዩ «ፌለስኪ» ብላችሁ ጠይቁ። ከሥሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ፀጉራም ጨርቅ አለው፣ ስለዚህ ሰም መቀባት አያስፈልግም። ለአዋቂ የስኪው ርዝመት ቁመት ሲደመር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፤ ለጀማሪ ልጅ ከ5 እስከ 10 ጭማሪ ይበቃል። ዱላው የቁመት 85 በመቶ ገደማ፤ 165 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ሰው 140 ማለት ነው። ከርዝመት ይልቅ ግን ክብደት ይወስናል፤ የሰውነት ክብደታችሁን በኪሎ በትክክል ንገሯቸው። በጣም ጠንካራ ስኪ ከሰጧችሁ መሀሉ በረዶውን ስለማይነካ እግራችሁ ወደ ኋላ ይሸሻል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ወለል ላይ ሁለቱም ስኪ ላይ እኩል ቁሙ፤ ከእግር ሥር የገባ ወረቀት መንሸራተት አለበት። ክብደታችሁን አንድ እግር ላይ ስታሳርፉ ደግሞ ወረቀቱ ይያዝ።

ቦታው ሶግንስቫን ይሁን፤ የ5 ቁጥር መስመር መጨረሻ ነው፣ ከጣቢያው ወጣ እንዳላችሁ ለጥ ያለ ሜዳ ታገኛላችሁ። ጀማሪን ፍሮግነርሰተረን ወስዶ ስኪ ማስጀመር ስሕተት ነው፤ እዚያ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛል።

የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃ ያለ ዱላ ሂዱ። ዱላ የያዘ ጀማሪ እጁ ላይ ይደገፋል፣ ሚዛኑን ግን የሚማረው እግሩ ነው። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ ክብደት በሙሉ ወደሚራመደው እግር ይዙር። ዳገት ላይ የፊቱን ጫፍ ከፍታችሁ የኋላውን አቀራርቡ፣ ዱካችሁ የዓሣ አጥንት ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ግልባጩ ነው፦ የፊቱ ጫፍ ይቀራረብ፣ የኋላው ይከፈት፣ ተረከዝ ወደ ውጭ ይግፋ። ኖርዌጂያኖች «ፕሎግ» ይሉታል፣ ማረሻ ማለት ነው። ከፈጠነባችሁና መቆም ካቃታችሁ ፊት ለፊት ከሚመጣ ሰው ጋር ከመጋጨት ወደ ጎን ቁጭ ማለት ይሻላል።

ስኪው ሥር በረዶ እየተጣበቀ እንደ ተረከዝ ጫማ ከፍ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ስኪው ከሞቀ ቤት ወጥቶ ወዲያው መረገጡ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ውጭ ይቁም። የአየሩ ሙቀት 0 ዲግሪ አካባቢ ሲሆንና አዲስ በረዶ ሲጥልም ይህ ችግር ይብሳል።

ሁለት ትይዩ ቦይ የተሠራበት መንገድ የስኪ ነው። በእግር አትርገጡት። የእግር ጉድጓድ ሌሊት ሲደነድን የሌላውን ሰው ጉልበት ይሰብራል፤ ሰዎች በዚህ የሚቆጡት በምክንያት ነው። ቀኝ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለማረፍ ስትቆሙ ከቦዩ ውጡ።

ባለ ቴርሞስ

ኪራዩን በተመለከተ፦ አጎትሽ ነዋሪ ስለሆኑ በቡአ ይሞክሩ። ስኪ፣ የበረዶ ጫማና መንሸራተቻ በነፃ የሚያውስ አገልግሎት ነው። ግን ቶሎ ይሂዱ፤ የኦስሎ ትምህርት ቤቶች የክረምት ዕረፍት በፈረንጆቹ ዓመት 8ኛ ሳምንት ላይ ስለሚውል የልጅ ቁጥር ቀድሞ ያልቃል። ኮርከትረከረንም በዚያ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰልፍ ነው፣ ጠዋት ውጡ።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ሰውነት የሚነካው ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ስትቆሙ ያበርዳችኋል። ከሥር ስስ ሱፍ፣ ከመሀል ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ። ካልሲ ደራርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ መክተት ከአንድ ካልሲ የባሰ ያበርዳል፤ ደም አይዘዋወርም፣ ሙቀት የሚይዘው አየርም ቦታ ያጣል። አንድ የሱፍ ካልሲና ጣት የሚያንቀሳቅስ ሰፋ ያለ ጫማ ይበቃል። ለልጆች ጣት ከተለያየበት ጓንት ይልቅ አውራ ጣት ብቻ የተለየበት ይሞቃል። መለዋወጫ ጓንት ያዙ፣ የመጀመሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይረጥባል።

ከአዲስ አበባ ከፍታ የሚመጣ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፤ ፍሮግነርሰተረን ጣቢያ ከባሕር ወለል 469 ሜትር ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁሉም በረታን ብሎ ያልባቸዋል። ሲሞቃችሁ ወዲያው ዚፑን ክፈቱ፣ ከመላባችሁ በፊት።

ለእናታችን ጾም፦ በየማረፊያው የሚሸጠው ዋፍል እንቁላልና ወተት፣ ትኩስ ቸኮሌቱም ወተት ነው። የምስር ሾርባ ወይም ሻይ በቴርሞስ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ብርቱካን ይዛችሁ ውጡ። ብርቱካኑን ቤት ላጡት፣ በቀዘቀዘ ጣት አይላጥም።

ቤዛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አጎቴ እናቴን ፍዮርዱ (ከተማው ድረስ የሚገባው ባሕር) ላይ ወዳለው ሳውና ልውሰዳቸው እያሉ ነው፤ ከሳውናው ወጥተው ባሕር ይገባሉ መሰለኝ። ለግፊት ችግር የለውም? ደግሞ ሶግንስቫን ሐይቁ ከረጋ ላዩ ላይ መሄድ ይቻላል?

ፍዮርድ

ሳውናና ባሕሩን ነጣጥለሽ እይው። የዚያ ሰሞን የባሕር ውሃ ዜሮ አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲነካን ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊትም በአንዴ ይወጣል። ግፊት ያለበት ሰው ባሕሩን ይተወው። ሳውናው ደግሞ ግፊቱን ዝቅ ስለሚያደርግ ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል፤ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ። ከተፈቀደላቸው የታችኛው መደዳ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ብዙ ውሃ እየጠጡ፣ ቀስ ብለው እየተነሡ። አጎትሽ ባሕር ከገቡ በመሰላል ይውረዱ እንጂ አይዝለሉ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ሳያስቡት ወደ ውስጥ ስለሚተነፍሱ ጭንቅላት ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ሳውናዎቹ ቀድሞ ቦታ መያዝ ይፈልጋሉ፤ በጋራው ሳውና የሚገባው በዋና ልብስ ነው።

ለእናትሽ ከሁሉ በፊት «ብሮደር» ግዙላቸው፤ ጫማ ላይ የሚጠልቅ የብረት ጥርስ ያለው ላስቲክ ነው፣ በስፖርትና በጫማ ሱቅ ይገኛል። በዚያ ዕድሜ የዳሌና የእጅ አንጓ ስብራት የሚመጣው ከስኪ ሳይሆን ከእግረኛ መንገድ ነው። ሱቅ ወይም ጣቢያ ሲገቡ ግን ያውልቁት፤ ለስላሳ ወለል ላይ ጥርሱ ራሱ ያንሸራትታል። ከዚያ ልጆቹ ሲንሸራተቱ እሳቸው በ1 ቁጥር ባቡር ሆልመንኮለን ወርደው የስኪ ዝላይ ማማውንና በፈረንጆቹ ከ1923 ጀምሮ ያለውን የስኪ ሙዚየም ያያሉ። ጣቢያው ፍሮግነርሰተረንና ሚድትስቱወን መሀል ስለሆነ መገናኘቱ ቀላል ነው።

ሐይቁን በተመለከተ፦ ሰው ለመሸከም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል። ላዩ ላይ ለስላሳው በረዶ የተከመረበት ቦታ ከሥሩ ያለው የረጋ ውሃ ሊሳሳ ይችላል፤ ጅረት የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ ደካማ ነው። የአካባቢው ሰው ሲሄድበት ካላያችሁ አትግቡ። በዙሪያው ያለው መንገድ 3.3 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለእናትሽም ይበቃል።

ኖርድማርካ

ስኬቲንግ ተረሳ። ስፒከርሱፓ ናሽናልቲያትረትና ፓርላማው መሀል ነው፣ መግቢያው ነፃ፣ ጫማው ይከራያል። ጫማው ቁርጭምጭሚት ላይ ጥብቅ ይበል፤ እግር ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ከላላ ማሰሪያ ነው። የደረሳችሁበት ቀን ማታ ይሄን አድርጉ፣ ሌሎቹን ቀኖች በዩር የአየር ትንበያ ወስኑ፤ የሚበርደው ቀን ለመንሸራተቻ፣ ፀጥ ያለው ለስኪ። ብርሃኑ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚያልቅ ከጫካ በ10 ሰዓት ውጡ። አደጋ ቢያጋጥም አምቡላንስ 113 ነው።

ሳሚ ከድሬ

ይቅርታ በመሀል ልግባ፤ እኔ የምመጣው በጁን ነው። ድንኳን መትከል ይቻላል?

ባለ ቴርሞስ

ይቻላል። በፈረንጆቹ ከ1957 ጀምሮ ባለው ሕግ ባልታረሰ መሬትና በጫካ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር ርቀህ፣ አንድ ቦታ እስከ 2 ሌሊት ማደር ትችላለህ። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ግን ጫካ ውስጥና አጠገቡ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በኖርድማርካ ጫካ ሰማያዊ ቀለም የበጋ እግር መንገድ ነው፤ ቀዩ የስኪ ስለሆነ በበጋ ረግረግ ውስጥ ሊያስገባህ ይችላል። ወደ ደሴቶቹ በጀልባ በዚያው ዞን 1 ቲኬት ትሄዳለህ፤ ሆቨድኦያ ደሴት ላይ በፈረንጆቹ የ1147 ገዳም ፍርስራሽ አለ፣ ማደሪያው ግን ላንግኦየነ ደሴት ነው። ረጅም ሣር ውስጥ ከሄድክ ማታ ብብትህንና የጉልበትህን ጀርባ መዥገር ፈልግ፤ ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘህ ቀጥታ ሳብ፣ ቅባት አትቀባው። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓትም ከመውረድህ በፊት እይ፤ ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ማታ ድረስ ስለማትጠልቅ መሽቷል ብሎ የሚነግርህ የለም።