«ማን» ማን ነው?

ወንድ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ማን» (man) ከአማርኛው «ማን» የመጣ ነው ያልከው ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ። ድምፁ አሳስቶሃል። ዝምድና የላቸውም።

የኛ «ማን» ዘመዶቹ የታወቁ ናቸው። ግዕዝ «መኑ» ይላል። አረብኛ «መን»፣ አራማይክ «ማን»። በሸክላ ላይ ይጻፍ የነበረው ጥንታዊው አካድኛ ሳይቀር «መኑ» ነው የሚለው። ሁሉም ሴማዊ፣ ሁሉም ጠያቂ።

ፋርስኛ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ «መን» ማለት «እኔ» ነው። የሚገርመው ደግሞ አረቡም ፋርሱም የሚጽፉት በእነዚያው በሁለቱ ፊደላት፣ በሚም እና በኑን ነው። አረቡ «ማነው?» ብሎ ያነበበውን ፋርሱ «እኔ!» ብሎ ያነበዋል። ጥያቄና መልስ በአንድ ቃል፣ ያውም በአጋጣሚ! ፋርስኛ ሴማዊ አይደለም፤ ፊደሉን ነው የተዋሰው። የፋርሱ «መን» እንግሊዝኛ ውስጥ ዘመድ አለው፣ ግን «ማን» እንዳይመስላችሁ። ዘመዱ «የእኔ» የሚለው «ማይን» ነው።

የእንግሊዝኛው «ማን» ታዲያ? በድሮው እንግሊዝኛ ወንድ ማለት አልነበረም፤ ሴትም ወንድም «ማን» ነበሩ፣ ልክ እንደኛ «ሰው»። ወንዱ ለብቻው «ዌር» ይባል ነበር፣ ሴቷ «ዊፍ»። «ዊፍ» እና «ማን» ተጣምረው ነው የዛሬው «ዉመን» የተወለደው። ምስኪኑ «ዌር» ግን በ«ማን» ተተክቶ ቀረ። ዛሬ የምናገኘው ወደ ተኩላ በሚለወጠው ሰው ስም፣ «ዌርዎልፍ» ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ጀርመንኛ ደግሞ ማንነቱ ላልተለየ ሰው «ማን» ይላል፤ እኛ «ሰው ምን ይላል?» ስንል «ሰው» ያልነው ማንንም እንዳልሆነው ማለት ነው።

ቻይንኛው ሌላ ዓለም ነው። በሚወርድ ድምፅ «ማን» ካላችሁ «ዝግተኛ» ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ ካነሳችሁት «ሙሉ» ይሆናል። ለሚሄድ እንግዳ «ማን ዞው» ይሉታል። ቃል በቃል «ቀስ ብለህ ሂድ» ነው፤ እኛ «በደህና ግባ» እንደምንለው።

እኔ የምወደው ግን የዕብራይስጡን ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤላውያን በምድረ በዳ መሬት ላይ የማያውቁት ነገር ተበትኖ ሲያዩ «ማን ሁ?» ተባባሉ፤ «ምንድን ነው?» ማለታቸው ነው። ስሙም በዚያው «ማን» ሆኖ ቀረ፤ የኛ «መና» እሱ ነው። ሕዝቡ 40 ዓመት ሙሉ «ምንድን ነው?» ሲበላ ኖረ።