የአንድ ሰው አንጎል በሁለት ቀን ሁለት የተለያየ የሰሰፕቲቢሊቲ ካርታ ሰጠኝ፤ ስሕተቱ የት ይሆን?

የሕክምና ፊዚክስ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ጥናቴ በ3 ቴስላ ኤምአርአይ የአንጎልን መግነጢሳዊ ሰሰፕቲቢሊቲ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሕብረ ሕዋስ በማሽኑ መስክ ውስጥ ሲገባ ራሱ ምን ያህል ማግኔት እንደሚሆን የሚያሳይ ካርታ እየሠራሁ ነው። አንድ ፈቃደኛ ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ በባለ ብዙ ኢኮ ግራዲየንት ኢኮ፣ ማለትም ምልክቱን በተለያዩ የቆይታ ጊዜያት (ኢኮዎች) ደጋግሞ በሚመዘግብ የአነሣስ ዘዴ፣ አነሣሁ። በመጀመሪያው ቀን የምስሉ ቁርጥ (ስላይስ) ሳይዘነብል ከማሽኑ ዘንግ ጋር ቀጥ ብሎ ነበር የተነሣው፤ በሁለተኛው ቀን ግን የኤምአርአይ ቴክኖሎጂስቱ ለተለመደው የአንጎል ምርመራ እንደሚደረገው ቁርጡን 20 ዲግሪ ያህል አዘነበለው። ሁለቱንም በአንድ ፕሮግራም ባሰላቸውም በሁለተኛው ካርታ ላይ የግሎበስ ፓሊደስ፣ ማለትም ብረት የሚከማችበት ጥልቅ የአንጎል ክፍል፣ ዋጋ በጉልህ ዝቅ ብሏል፤ በደም መልሶች ዙሪያም በማግኒቲዩድ ምስሉ (የምልክቱን ጥንካሬ በሚያሳየው ተራ ምስል) ላይ የሌሉ ጨረር መሰል መስመሮች ይታያሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ብረት ከአንጎል ሊጠፋ ስለማይችል ጥፋቱ የአሠራሬ እንደሆነ ተረድቻለሁ። የቱ ላይ እንደተሳሳትሁ የሚጠቁመኝ ካለ እጅግ አመሰግናለሁ።

የምስል ስሌት አጥኚ፦

ከሰጡት ዝርዝር ስነሣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዝንባሌውን ነው። ፌዝ ምስሉ (የምልክቱን የዙር ማዕዘን የሚያሳየው ምስል) የሚመዘግበው ሰሰፕቲቢሊቲውን ሳይሆን፣ ሰሰፕቲቢሊቲው በመስኩ ላይ ያደረሰውን መዛባት ነው። በ3 ቴስላ የ0.1 ፒፒኤም (ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው) የመስክ ለውጥ 13 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ በ20 ሚሊሰከንድ ኢኮ ፌዙን ሩብ ዙር ያህል ያዞረዋል፤ ስለዚህ ልኬቱ ራሱ በጣም ስሱ ነው። ችግሩ ያለው ከመዛባቱ ወደ ምንጩ በሚደረገው የኋልዮሽ ስሌት ላይ ነው። ብረት ያለበት እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ትንሽ ዳይፖል (ባለ ሁለት ዋልታ ማግኔት) ከራሱ ወሰን ውጭ ያሉትን ጎረቤቶቹንም ያዛባል፤ የዚህ መዛባት ቅርጽም የሚወሰነው በዋናው መስክ አቅጣጫ ነው። በፉርዬ ትራንስፎርም (ምስሉን ወደ ሞገዶች በሚበትን ስሌት) ሲታይ ስሌቱ ማካፈል ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አካፋዩ ከዋናው መስክ 54.7 ዲግሪ በሚያዘነብል ሾጣጣ ገጽ ላይ በሙሉ ዜሮ ይሆናል። በዚያ ገጽ ላይ ልኬቱ ምንም አይነግረንም፤ በአጠገቡ ደግሞ ትንሿ የልኬት ጫጫታ ተባዝታ ያዩዋቸውን ጨረሮች ትፈጥራለች።

አሁን ፕሮግራሙ ዋናው መስክ ከቁርጡ ጋር ቀጥ ያለ ነው ብሎ ከገመተ፣ ሾጣጣውን 20 ዲግሪ በተሳሳተ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ በዚህም ጨረር ይበዛል፣ የግሎበስ ፓሊደስ ዋጋም ይወርዳል። ስለዚህ በፋይሉ ራስጌ ውስጥ ያለው የቁርጥ አቅጣጫ ወደ ፕሮግራሙ መድረሱን ያረጋግጡ። እኔ የምመርጠው መንገድ የተጠቀለለውን ፌዝ (ከፖዘቲቭ ፓይ ሲያልፍ ወደ ኔጋቲቭ ፓይ የሚዘለውን) ከዘረጉ በኋላ ጠቅላላ የመስክ ካርታውን ከማሽኑ ዘንግ ጋር አሽከርክሮ ማስተካከል ነው፤ ይህም ከአንጎል ውጭ የሚመጣው መስክ ከመወገዱ በፊት መደረግ አለበት። የተጠቀለለውን ፌዝ በቀጥታ ካሽከረከሩት ግን ፕሮግራሙ በፖዘቲቭ ፓይ እና በኔጋቲቭ ፓይ መካከል አማካይ እየወሰደ ፈጽሞ ያልተለካ ቁጥር ይሞላል።

የአንጎል ራዲዮሎጂስት፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ሆኖም ዝንባሌው ቢስተካከልም ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ከማስቀመጥዎ በፊት ዜሮው የት እንደሆነ ይወስኑ። ዘዴው የጠቅላላውን ምስል አማካይ ሰሰፕቲቢሊቲ መለካት አይችልም፤ ስለዚህ በካርታው ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ከሌላ ቦታ ጋር የሚነጻጸር ነው። አንዳንዱ በቬንትሪክሎች (በአንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች) ውስጥ ያለውን ፈሳሽ፣ ሌላው የጠቅላላ አንጎሉን አማካይ ዜሮ ያደርጋል። ፈሳሹን ከመረጡ ኮሮይድ ፕሌክሰስን (በቬንትሪክሎቹ ውስጥ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሕብረ ሕዋስ) ከመለኪያው ቦታ ያውጡት፤ በውስጡ ደም ሥርም ካልሲየምም ስለሚገኝ ዜሮዎን ያዛባል።

የምልክቱንም፣ ማለትም የፖዘቲቭና የኔጋቲቩን፣ ነገር አደራ እላለሁ። የፌዝ ምልክት ከማሽን አምራች ወደ አምራች ሊገለበጥ ይችላል። በግሎበስ ፓሊደስ በፌሪቲን (ብረት በሚያከማች ፕሮቲን) ውስጥ የተከማቸው ብረት ፓራማግኔቲክ (መስኩን የሚያጠናክር) ስለሆነ ፖዘቲቭ፣ በብዙ አዋቂዎች ፓይኒያል ዕጢ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም ግን ዳያማግኔቲክ (መስኩን የሚያዳክም) ስለሆነ ኔጋቲቭ ሆኖ መታየት አለበት። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ በተለመደው ግራዲየንት ኢኮ ምስል ላይ አሮጌ የደም መፍሰስ ምልክትም ካልሲየምም ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሊጀመርለት የታሰበ ታማሚ ጉዳይ ደግሞ በዚያች ነጥብ ማንነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ካርታው ሁለቱን የመለየት አቅም ስላለው በምልክት መገልበጥ ብቻ ይህን አቅም ማጣት ያሳዝናል።

የሕክምና ፊዚክስ ተማሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋይሉን ስቀይር የቁርጡ አቅጣጫ ጠፍቶ፣ ፕሮግራሙ መስኩን ቀጥ ያለ አድርጎ ወስዶት ነበር። በተባለው ቅደም ተከተል አሽከርክሬ እንደገና ሳሰላው ጨረሮቹ በአብዛኛው ጠፉ፤ የፓይኒያል ዕጢውም ኔጋቲቭ ነው። የቀረው ችግር ከፊት ሳይነስ በላይና ከጆሮ አጥንት አጠገብ ያለው ነው፤ እዚያ ሁለቱ ካርታዎች አሁንም አይስማሙም።

የምስል ስሌት አጥኚ፦

በአየርና በሕብረ ሕዋስ መካከል ያለው ልዩነት 9 ፒፒኤም ገደማ ሲሆን እርስዎ የሚፈልጉት የአንጎል ውስጥ ልዩነት ግን የ0.1 እና የ0.2 ፒፒኤም ነገር ነው። ስለዚህ ከአየሩ የሚመጣው መስክ ሲወገድ በጠርዙ ላይ ጥቂት ስሕተት መቅረቱ አይቀርም። አንዳንድ ዘዴዎች ከአንጎሉ ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ቆርጠው የሚጥሉት ለዚህ ነው። እኔ በእነዚያ ቦታዎች ላይ የተለካ ቁጥር በጥናት ውስጥ አላስገባም። ጥያቄዎ ስለ ጥልቅ ኒውክሊየሶች ከሆነ ግን ይህ ብዙ አያሳስብዎ።

የፌዝ ምስሉ ለኤስደብሊውአይ (ሰሰፕቲቢሊቲን አጉልቶ ለሚያሳይ የምስል ዓይነት) ተብሎ አስቀድሞ የተጣራ አለመሆኑን ደግሞ ቴክኖሎጂስቱን ይጠይቁ፤ ማጣሪያው የሚፈልጉትን መስክ ጭምር ያጠፋዋል፤ የጠፋውን መመለስ ደግሞ አይቻልም። የታማሚዎችን መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊትም ይህንኑ ፈቃደኛ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሳያዘነብሉ ያንሡት፤ በራስዎ ማሽን ላይ ያለው የቀን ለቀን ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ለምሳሌ በፓርኪንሰን ሕመም ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚታየውን የብረት መጨመር ከልኬት ስሕተት መለየት አይቻልም። የግሎበስ ፓሊደስ ብረት ከልጅነት እስከ ወጣትነት በፍጥነት እንደሚጨምር ሃልግሬንና ሶራንደር በ1958 እ.ኤ.አ. ከሟቾች አንጎል ለክተው አሳይተዋል፤ ስለዚህ የንጽጽር ቡድንዎን በዕድሜ ማዛመድዎን አይርሱ።