የ1966 ጣሪያ ከፋች ቮልስ፦ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትስባለች፣ 80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል

ታጣፊ66
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቮልስ 1300 ጣሪያ ከፋች ናት፤ አራቱም እግር ታምቡር ፍሬን፣ ቸርኬው ባለ 5 ቡሎን። የፍሬን ሸራው በአራቱም አዲስ ተለጥፏል፣ የፊት ታምቡሮች ቶርኖ ገብተዋል። ፍሬን ስይዝ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትስባለች፤ ፔዳሉን ስለቅ ደግሞ ለጥቂት ሜትር ወደ ግራ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የግራ ፊት ቸርኬ እጅ አያስነካም፣ የቀኙ ለብ ያለ ነው። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ወለሉ ጋ ሊደርስ ይወርዳል፤ ሲደገም ከፍ ብሎ ይደነድናል። አየር ሁለቴ ወጥቷል፣ ለውጥ የለም። 80 ላይ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ያልተበላ 165 ራዲያል ናቸው፣ ጎሚስታው አራቱንም 30 ፒኤስአይ ሞልቷቸዋል። ማስተር ሲሊንደር ልቀይር? የአባይ በረሃን መውረድ አለብኝ።

ቶርኖ ቤት
ማስተር ሲሊንደሩን ለጊዜው ተወው። እሱ ቢሆን ኖሮ አንድ እግር ብቻ ለይቶ አያሞቅም። ስትረግጥ ወደ ቀኝ፣ ስትለቅ ወደ ግራ ማለቱ ራሱ መልሱን ነግሮሃል፦ የግራው ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፣ ዘግይቶም ይለቃል። የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ጠቧል። እግርህ ገፍቶ ዘይቱን ያሳልፈዋል፤ የሸራው ሞላ ግን መልሶ ለመግፋት ያን ያህል ጉልበት የለውም። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚያልፈው።

አረጋግጥ። የግራውን ፊት በክሪክ አንሳ፣ ፔዳሉን ረግጠህ ልቀቅ፣ ጎማውን በእጅህ አሽከርክር። እንደያዘ ከቀረ፣ የብረቱ ቧንቧ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን በ11 ቁልፍ ትንሽ ፍታ (ቱቦውን በሌላ ቁልፍ ያዘው፣ አለዚያ የብረቱ ቧንቧ ይጠመዘዛል)። እዚያ ላይ ከለቀቀ ችግሩ ከቱቦው በላይ ነው። ካልለቀቀ መልሰህ እሰር፣ የአየር ማውጫዋን በ7 ቁልፍ ክፈት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ፣ ቱቦው ነው። ይሄም ሆኖ ካልለቀቀ የእግሩ ሲሊንደር ፒስተን ነክሷል ወይም ሞላው ሞቷል። ቱቦ ስትቀይር የፊቱን ሁለቱንም ቀይር።

የፔዳሉ ነገር ሌላ ነው። በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ *የሚደነድን* ፔዳል አየር የለበትም፤ አየር ያለበት እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል። ያንተ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። የቸርኬውን ክዳን አውጣ፣ የታምቡሩን ቀዳዳ ከኮከቧ (ሸራውን ወደ ታምቡሩ ከምታስጠጋው ባለ ጥርስ ማስተካከያ) ጥርስ ጋር አገጣጥም፣ በካቻቢቴ አጥብቅ። በአንድ እግር ሁለት ኮከብ አለ፤ የሚጠብቁበት አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ አንዱን እያጠበቁ ሌላውን ማላላት የተለመደ ስህተት ነው። ጎማው እስኪይዝ አጥብቅ፣ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ረግጠህ ሸራው ቦታውን ይያዝ፣ እንደገና ሞክር፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልስ። የእጅ ፍሬን ገመድ የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ቀድሞ ከተወጠረ የኋላው ልኬት ያታልልሃል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቶርኖ ቤቱ ስንት አወረደ? አዲስ ታምቡር ውስጡ 230 ሚሊ ነው፣ 231.5 ካለፈ ይጣላል። ታምቡሩ ሲሰፋ አዲሱ ሸራ መሃሉ ብቻ ይነካል። የታምቡሩን ውስጥ ጠመኔ ቀባው፣ ግጠምና አንድ ዙር ፍሬን ይዘህ አሽከርክር፣ ፍታና እይ። ነጩ በሸራው መሃል ብቻ ከሆነ ሸራው በታምቡሩ ልክ መሞረድ አለበት። ታምቡሩን ስትፈታ የግራ ፊቱ ዳዶ ወደ ግራ የሚጠብቅ ጥርስ እንዳለው አትርሳ፤ የኪሎሜትር ገመዱም ክዳኑ ላይ በትንሽ ኮፒሊያ (መቆለፊያ ሽቦ) ተይዟል፣ መጀመሪያ እሷን አውጣ። ስትመልስ የኩሽኔታው ልል ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ይሁን።

አየር ስታወጣ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ብቻ።

ጎሚስታው
አራቱንም 30 መሙላት ለዚህ መኪና ጥፋት ነው። ሞተሩ ኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው። ለራዲያል ጎማው ቀዝቃዛ እንደሆነ ፊት 18፣ ኋላ 27። ጎሚስታ ጋ «18» ስትል ይስቁብሃል፣ ቆመህ አስሞላ። ፊቱ 30 ሲሆን ጎማው የሚረግጠው በመሃሉ ብቻ ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፣ መሪውም ይቅበዘበዛል።

ጥርሱ አልተበላም ማለት ጎማው ደህና ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ፈልግ፦ የመጀመሪያው ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻው ሁለቱ ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ፣ በእኛ እንዳታነበው)። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይውጣ። ጣሪያ ከፋች መኪና ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጎማው የረገጠበት ቦታ ጠፍጥፎ ይቀራል። 80 ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ግማሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ግማሽ ባላንስ ነው። ባለ 5 ቡሎን ቸርኬ መሃሉ ሰፊ ባዶ ነው፣ የተለመደው የባላንስ ማሽን ኮን አይይዘውም። በግምት አስረው «ተስተካክሏል» ይሉሃል። በቡሎኖቹ ቀዳዳ የሚያስር ማያያዣ ያለው ቤት ፈልግ። ቸርኬው ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ጉብታ ከሌለው ካላማዳሪያ ይግባበት፤ ግን የራዲያል ካላማዳሪያ፣ የጎማው ውስጥ ያለው ወረቀትም ተልጦ ይውጣ፣ ፈትጎ ይቀደዋል። ቡሎኖቹን በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቅክ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ አጥብቅ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ የኋላውን ግን ማንም አልነካውም። የዚያ ዘመን ቮልስ የኋላ አክስል ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ሲያልቅ የካምቢዮ ዘይት ቀጥታ ሸራው ላይ ይፈሳል። ታምቡሩን ስትከፍት ሸራው ጠቁሮ የዘይት ሽታ ካለው ማጠብ አይሠራም፣ ፓራኦሊዮውም ሸራውም ይቀየር። የኋላው ትልቁ ዳዶ 36 ነው፤ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ታጠብቅና የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምር እንጂ ወደኋላ አትመልስ። ይሄ ዳዶ ላልቶ የታምቡሩን ጥርስ የበላባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።

ስታነሳት በሩ ሥር ያለው ማጠናከሪያ ብረት ዝገት ካለበት በእሱ ላይ ክሪክ አታስገባ። ጣሪያ የለም፣ አካሉን የያዘው እሱ ነው። ስታነሳ በሩና አካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከተቀየረ አውርዳት።

ዕቃ ከአሜሪካ ስታስመጣ ዓመቱን ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩን ላክ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የ66 ጣሪያ ከፋች በ156 ይጀምራል። የቮልስ ሞዴል ዓመት ነሐሴ ላይ ስለሚቀየር «66 ናት» ብለህ የሌላ ሞዴል ዕቃ ትቀበላለህ።

የአባይ በረሃን በተመለከተ፦ የፍሬን መስመርህ አንድ ነው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ይሄዳሉ፣ የሚቀርህ የእጅ ፍሬን ነው፣ እሱም ኋላን ብቻ። የእጅ ፍሬኑ 2 ጥርስ ላይ ሁለቱንም ጎማ እኩል መያዝ፣ 4 ላይ በእጅ እንዳይዞሩ ማድረግ አለበት። ከጎሃ ጽዮን በታች በ2ኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ለአጭር ጊዜ ያዝና ልቀቅ። ተደግፈህበት ከወረድክ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፣ ሸራውም መያዝ ያቆማል።

ታጣፊ66
ጋሼ ቶርኖ፣ ሞከርኩት። የብረቱ ጋ ስፈታው አልለቀቀም፣ የአየር ማውጫዋን ስከፍት ወዲያው ለቀቀ። ቱቦዎቹን አዝዣለሁ። ጎማው ላይ የተጻፈው 2309 ነው፣ አራቱም ይወጣሉ። የታምቡሩን ልክ ነገ አስለካለሁ።

ቶርኖ ቤት
ልኩን ስትወስድ ሁለት ቦታ አስለካ፣ ተሻጋሪ አድርገህ። ሁለቱ ቁጥር ከተለያየ ታምቡሩ ሞላላ ሆኗል፣ ፔዳሉ እግርህ ላይ ይመታል።