ውድ በሆነ የፊልም ፍጡር ሐውልት ላይ የሚታይ መጋጠሚያ፦ የትኛው እንከን ነው፣ የትኛውስ የሥራው ባሕርይ?

ጥያቄ፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴና በኮምቦልቻ የፊልም ፍጡራንን ሐውልት የምንሰበስብ ሰዎች ጥቂቶች ስለሆንን፣ ያጋጠመኝን ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብና የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው «ኤሊየን» ፊልም ላይ የታየውን፣ የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ኤች. አር. ጊገር የነደፈውን ፍጡር በአንድ አራተኛ መጠን የሚያሳይ ሐውልት ገዝቶ በቅርቡ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይዞልኝ መጥቷል። ዋጋው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሐውልቱ ወጥ ሆኖ የተሠራ አይደለም፤ ራሱ፣ ሁለቱ ክንዶቹ፣ ከጀርባው የሚወጡት ቱቦዎች እና በሦስት የተከፈለው ጅራቱ ለየብቻ በፎም ውስጥ ተቀምጠው ነው የመጡት። ገጣጥሜ ሳቆመው ራሱ ከአንገቱ ጋር የተገናኘበት ቦታ ፈጽሞ አይታይም፣ የግራ ክንዱም ላይ ያለው መስመር እጅግ ቀጭን ነው። የቀኝ ክንዱ ግን ከላይ በኩል ትከሻውን ሲነካ ከታች በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ከጅራቱ መጋጠሚያዎች አንዱ ደግሞ በአንጓዎቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሊያርፍ ሲችል በአንድ አንጓ መሐል ያልፋል። በቀኝ ጭኑ ውስጠኛ ገጽ ላይም ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ጉብታ አለ፤ ቀለሙ ጉብታው ሳይነሣ በላዩ ላይ ተቀብቷል።

በዚህ ዋጋ በሚሸጥ ሥራ ላይ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን መቀበል፣ የትኛውንስ እንደ እንከን ቆጥሬ በወንድሜ በኩል ለሻጩ ማመልከት ይገባኛል? እዚሁ ማስተካከል የሚቻል ከሆነስ ሐውልቱን ሳላበላሽ እንዴት ልጀምር?

መልስ፦ የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ የጠቀሷቸው ሦስት ነገሮች ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ ስም ባይጠሯቸው መልካም ነው። እኔ የምሠራው ከሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) እና በውስጡ ፈሳሽ አፍስሶ ቅርጽ ከማውጣት፣ ማለትም ከቀረጻ ጋር በተያያዘ ሙያ በመሆኑ ከአሠራሩ ልነሣ።

እነዚህ ሐውልቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊስቶን ከሚባለው ነገር ነው፤ ይኸውም ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቆይቶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በሲሊኮን ሞልድ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ነው። ሲሊኮኑ ምንም እንኳ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቢሆን፣ ጎድን ላይ የተጠጋ ክንድ ወይም የተጠማዘዘ ጅራት ያለበትን አካል ሳይቀደድና ሳይሰብር ባንድ ጊዜ ማላቀቅ አይቻልም። ስለዚህ ቀራጩ ሥራውን ይከፋፍለዋል። መከፋፈሉ ለቀለም ቀቢውም ብሩሽ የማይደርስበትን ቦታ ይከፍትለታል፣ ከባድና ቀጭን ክፍሎች በጉዞ ላይ እንዳይሰበሩም ያደርጋል። መጋጠሚያ መኖሩ ብቻውን እንከን አለመሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ የእርስዎ ራስና የግራ ክንድ እንደሚያሳዩትም በደንብ ሲሠራ አይታይም።

የጭኑ ጉብታ ግን መጋጠሚያ አይደለም። የሞልዱ ሁለት ግማሾች የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ሬዚኑ በመካከላቸው ጥቂት ሾልኮ ሲጠነክር እንዲህ ያለ ጠርዝ ይተዋል። ይህ በየትኛውም ቀረጻ ላይ ይወጣል፣ ከቀለም በፊት በቢላና በብርጭቆ ወረቀት መነሣት ደግሞ የፋብሪካው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ሳይነሣ ቀለም ከተቀባበት አንድ ሰው ሥራውን ዘልሎታል፣ ተቆጣጣሪውም አላየውም ማለት ስለሆነ ያለ ምንም ማመንታት ያመልክቱበት።

የክንዱ ጉዳይ ምርመራ ይፈልጋል። ፖሊስተር ሬዚን ሲጠነክር ከይዘቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ሊኮማተር ይችላል፤ የድንጋይ ዱቄቱ ይህን ቢቀንሰውም ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል እኩል አይኮማተሩም። በደንብ ሳይጠነክር ከሞልድ የወጣ ክንድም በራሱ ክብደት ሊጎብጥ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀላሉን ምክንያት ይፈትሹ፤ በትከሻው ቀዳዳ ውስጥ የተጠራቀመ ቀለም ወይም ክንዱን ከትከሻው ጋር የሚያያይዘውን ማግኔት ከያዘው ሙጫ የተረፈ እብጠት ክንዱን ከላይ በኩል ገፍቶት ሊሆን ይችላል። የክንዱን መሰኪያ ዙሪያ በጠመኔ ቀብተው ቀስ ብለው ያስገቡት፣ ከዚያም አውጥተው ነጩ ትከሻው ላይ የት እንደታተመ ይመልከቱ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከታተመ የሚያግደው እዚያ ያለው ነው፤ ዙሪያውን ታትሞ ከታች ብቻ ከጎደለ ግን ክንዱ ራሱ ጎብጧል።

ክፍተቱን ሲለኩ ደግሞ መጠኑን ያስቡ። በአንድ አራተኛ ሐውልት ላይ 1 ሚሊሜትር የሆነ ክፍተት በፍጡሩ እውነተኛ አካል ላይ 4 ሚሊሜትር ነው። በፊልሙ የፍጡሩን ልብስ ለብሶ የተጫወተው ናይጄሪያዊው ቦላጂ ባዴጆ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነበር፤ በእንዲህ ያለ አካል ትከሻ ላይ የሚታይ ስንጥቅ ዓይንን መያዙ አያስደንቅም። የጅራቱን መጋጠሚያ ግን ቀጭን እስከሆነ ድረስ ቢቀበሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር (ደሴ)

የቦርከና ልጅ ስለ ጭኑና ስለ ክንዱ የሰጡትን ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ጅራቱ ግን በአክብሮት እለያለሁ። በእኔ ግምት ከሦስቱ ከባዱ ጥፋት የጅራቱ ነው።

መስመሩ የት ይለፍ የሚለው ውሳኔ የቀራጩ ጥበብ አካል ነው። ጋቢ ከሁለት ስፋት ተጋጥሞ ሲሰፋ ጥሩ ሸማኔ ጥለቱን አስተካክሎ ስለሚያገናኘው መገናኛው ለለባሹ አይሰማውም፤ የሐውልት ቀራጭም እንዲሁ መስመሩን ቆዳ በሚታጠፍበት፣ ሽፋን በሚደራረብበት ወይም አንጓ በሚያበቃበት ቦታ ማሳለፍ ይጠበቅበታል። የፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው የጃፓኑ ግዙፍ የፊልም ፍጡር የጎጂራ (ጎድዚላ) ልብስ ተዋናዩ የሚገባበት ክፍት የተደረገው በጀርባው ክንፈ-ሰሌዳዎች መሥመር በኩል ነው፤ ተመልካች መስመርን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ መስመር አይታየውም። የጊገር ፍጡር ደግሞ መላ አካሉ አንጓ፣ ጎድንና ቱቦ ነው፤ መጋጠሚያን ለመደበቅ ከዚህ የተመቸ ፍጡር ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ፍጡር ጅራት ላይ አንጓን ለሁለት የቆረጠ ሰው የፍጡሩን አካል አላነበበም።

ይህን የምለው ለቅሬታ ብቻ ሳይሆን የሚያስከትለው ተግባራዊ ልዩነት ስላለ ነው። የጭኑ ጉብታና የክንዱ ክፍተት የእርስዎ ቅጂ ብቻ እንከኖች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሻጩም በሌላ ክፍል ሊተካቸው ይችላል። የጅራቱ አቆራረጥ ግን በዋናው ሞዴል ላይ የተወሰነ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ይደገማል፤ ሻጩ አሥር ጊዜ ቢቀይርልዎ ያው መስመር በያው አንጓ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ሌሎች ገዢዎች ቤታቸው ሆነው ያነሷቸውን ፎቶዎች ይመልከቱ። የሻጩን ፎቶ አይመኑ፤ በቅድሚያ ሽያጭ ጊዜ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የተጨረሰ የመጀመሪያ ናሙና ነው፣ መጋጠሚያዎቹም ተሞልተውና ተቀብተው ሊሆኑ ይችላሉ። «የሚደርስዎ ምርት ከምስሉ ሊለይ ይችላል» የሚለው ትንሽ ጽሑፍ የሚጻፈውም ለዚሁ ነው። አንድ ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው የናሙናውን ፎቶ ከምርቱ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን እንዲያይ መደረግ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ላሜራ ቤት (ኮምቦልቻ)

ሥራዬ የመኪና አካልና ቀለም ቢሆንም ሰዎች ሐውልቶቻቸውንም አንዳንድ ጊዜ ያመጡልኛል። የክንዱን ክፍተት ለመሙላት የመኪና ስቱኮ አልመክርም፤ ይይዛል፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚጠነክር በትንሽ ቦታ ላይ ለመቅረጽ ጊዜ አይሰጥም። በእጅ የሚለወሰው ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሊጥ መሰል መሙያ) ይሻላል። ክንዱ መነቀል እንዲችል የትከሻውን ገጽ ቫዝሊን በስሱ ቀብተው ኢፖክሲውን ክንዱ ላይ ያድርጉ፣ ከዚያም ክንዱን በቦታው ተጭነው የተረፈውን በእርጥብ ጣት ያስተካክሉ። ሲጠነክር ኢፖክሲው ክንዱ ላይ ይቀራል፣ ትከሻው ንጹሕ ሆኖ ይለቃል፤ መጋጠሚያውም በትክክል የዚያን ትከሻ ቅርጽ ይይዛል። መጋጠሚያውን በሙጫ ለዘለቄታው መዝጋት ግን ስሕተት ነው፤ ቤት ሲቀየር ክንዱ ይሰበራል።

ለጭኑ ጉብታ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠቡ ይጀምሩ፣ በ800 ይጨርሱ። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ በውኃ መሥራቱ ግዴታ ነው፣ አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ። ቲነር ከሐውልቱ አጠገብ አያድርሱ፤ የፋብሪካውን ቀለም ያነሣዋል። የተፋቀውን ቦታ መልሶ ለመቀባት በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በቂ ነው፣ በላዩ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ግን አንጸባራቂነቱ ከቀረው አካል ጋር መመሳሰል አለበት።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በጠመኔው ስሞክረው ነጩ የታተመው በላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ በባትሪ ስመለከትም ከማግኔቱ አጠገብ የደረቀ የሙጫ እብጠት አለ። በስለት ልቀርፈው አስቤ ነበር፤ ሆኖም ለሻጩ ሳላመለክት ልንካው ወይስ ልተወው የሚለው አሳሰበኝ። ጅራቱንም በሌሎች ገዢዎች ፎቶ ላይ አየሁት፤ ሐይቅ ዳር እንዳሉት በሁሉም ላይ በዚያው አንጓ መሐል ያልፋል።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር (ደሴ)

አሁን አይንኩት። ገዢው በስለት ወይም በብርጭቆ ወረቀት የነካውን ክፍል ሻጩ አልቀይርም ለማለት ምክንያት ያገኛል። አስቀድመው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ ያንሡ፤ ፊት ለፊት የሚበራ ብርሃን ጉብታውንም ክፍተቱንም ያጠፋዋል። አንድ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር፣ አንድ የሙጫውን እብጠት የሚያሳይ፣ አንድ በመቆሚያው ሥር ያለውን የቅጂ ቁጥር (ሐውልቱ ከተሠሩት ቅጂዎች ስንተኛው እንደሆነ የሚናገረውን) የሚያሳይ ይሁን። ቅሬታውን ገዢው ወንድምዎ በስማቸው ያቅርቡ፣ የሚጠይቁትም ሙሉ ሐውልቱ እንዲመለስ ሳይሆን ምትክ ክንድና ምትክ እግር እንዲላክ ይሁን፤ ከደሴ እስከ አሜሪካ ይህን የሚያህል ክብደት መልሶ መላክ ከሚገኘው ጥቅም በላይ ያስወጣል። ስለ ጅራቱ በዚያው ደብዳቤ ይጻፉ፣ ነገር ግን እንደ አስተያየት እንጂ እንደ ምትክ ጥያቄ አይሁን፤ ሁለቱን ከቀላቀሉ የሚመለሰው መልስ ለሁለቱም አንድ እምቢታ ሊሆን ይችላል።

የቅጂ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጥራቱ ይበልጣል የሚል ሰው ካጋጠመዎም አይቀበሉት። የሲሊኮን ሞልድ ጥቂት ደርዘን ጊዜ ከተቀረጸበት በኋላ ስለሚዳከም ከዋናው ሞዴል አዲስ ይወጣል፤ ቁጥሩም የሞልዱን ዕድሜ አይናገርም።

መልስ፦ ላሜራ ቤት (ኮምቦልቻ)

ሻጩ እምቢ ካለ ሐውልቱን ይዘው ይምጡ፣ እብጠቱን የማንሣት ሥራ ረጅም አይደለም። ሲመጡ ግን ገጣጥመው አያምጡት፤ ክፍሎቹን በፎማቸው ውስጥ መልሰው ያሽጉ። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት መሆኑን ያውቃሉ፣ ቀጭን ሬዚን ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሊለሰልስና ሊጎብጥ ይችላል፤ በተለይ የጅራቱን ጫፍና የጀርባውን ቱቦዎች በጠዋቱ ቅዝቃዜ ያድርሷቸው።