ፀሐይ የማያየው የጨረቃ ጉድጓድ ኤሌክትሪክ ከየት ያመጣል?

ጠያቂ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። በበጋ ማታ የሱፍ ሹራቤን ሳወልቅ ይንጣጣል፤ መብራት ከጠፋ ብልጭታው ይታያል። በጨረቃ ዋልታ ያሉ ጨለማ ጉድጓዶችም ቻርጅ ይይዛሉ ሲባል ሰማሁ። ፀሐይ ሳትደርስ እንዴት?

መልስ፦ ከፀሐይ ነፋስ ነው፤ ይህ ከፀሐይ የሚፈልቅ፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖችና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖች የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጅረት ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ አግድም ያልፋል። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን 1836 ጊዜ ያህል ይቀላል፤ ስለዚህ ቀድሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ወለሉ ኔጋቲቭ ይሆናል፣ እስከ መቶዎች ቮልት።

ሌላ መልስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ጠፈርተኛው ነው። አንተ የብረት በር ነክተህ ትገላገላለህ። እዚያ አፈሩ ደረቅና በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በእርምጃ የተጠራቀመው ቻርጅ መውጫ ያጣል። መሣሪያ ሊያበላሽ ይችላል፤ አቧራም ይጣበቃል።

ጠያቂ፦ ገባኝ፣ ተባረኩ። በ2009 እ.ኤ.አ. በበረዶ መልክ ያለ ውሃ የተገኘውም እንዲህ ባለው ጉድጓድ፣ ካቤየስ ውስጥ ነው። ሰው መሄዱ አይቀርም። ዛሬ ማታ ለልጄ በሹራቡ አሳያታለሁ።