ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለማመላለስ ያገለገለ አይሱዙ ልንገዛ ነው፤ ምኑን እናስመርምር?

ጠያቂ፦ ባለ ሽንኩርቱ ከቀወት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሸዋ ሮቢት ሲሆን ከባለቤቴ ወንድም ጋር ተሻርከን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። የመኪና ኪራይ ትርፋችንን እየበላው ስላስቸገረን ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር ለመግዛት አስበናል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በደላላ በኩል አንድ ኮድ 3 መኪና አግኝተናል፤ ቀለሙ አዲስ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ለስላሳ ነው፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሳየውም ለመኪናው ዕድሜ ትንሽ ነው። ባዶውን ከተማ ውስጥ ስንነዳው ግን ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ አወጣ። ሸሪኬ ሞተሩ አልቋል ብሎ ተጠራጠረ፤ ደላላው ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የማያጨስ መኪና የለም ይላል። የማናቸው እውነት ነው? ቀብድ ከመክፈላችን በፊትስ ምን እንይ?

መልስ፦ መካኒክ ከደብረ ሲና

ወንድማችን፣ ደላላው ለራሱ ጥቅም ቢናገርም ከፊሉ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ዝቅተኛ ቦታ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው የቆየ ሞተር ግን ፖምፓው የሚልክለት ነዳጅ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ የተረፈው ነዳጅ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናው ተርቦ እንዳለውና የአየር ማጣሪያው ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ያንኑ መኪና 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ሸዋ ሮቢት አውርደው ይዩት። እዚያም በቀላል ጭነት ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝሉ ወይም ፖምፓው ችግር አለበት፤ ይህ ወጪ ቢኖረውም ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰማያዊው ጭስ ነው፤ ዘይት እየተቃጠለ ስለሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ መበላቱን ያመለክታል። ነጭ ጭስ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አይደንግጡ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጋርኒሽን ተጠርጣሪ ነው።

ባዶ መኪና ከተማ ውስጥ መንዳት የሚያሳየው ነገር እምብዛም ስለሆነ ዋናው ፈተና ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በአርማንያና በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የጣርማበር ዋሻ የሚወጣው መንገድ ነው። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ልክ ሳታሳልፉ ጫኑትና ውጡ። የሙቀት መለኪያው ከመካከል አልፎ እየወጣ ከሄደ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውኃ ፖምፓው ደክሟል ወይም ቴስታታው ጋዝ ያስገባል። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ይንሸራተታል። ዋሻው ጋ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ትንፋሹን ተመልከቱ፤ ጭስ በኃይል እየገፋ የሚወጣ ከሆነ በፋሻው በኩል ግፊት እያመለጠ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ አትንኩት፤ ያቃጥላል።

ቁልቁለቱ የባሰ ይናገራል። በወጣችሁበት ማርሽ፣ ሞተር ፍሬን ይዛችሁ ውረዱ፤ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ማርሹ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበልቷል። ደብረ ሲና ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር (ፍሬኑ የሚይዘው የጎማው ከበሮ) አስጠግታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። ከሌሎቹ ለይቶ የሚግለው ፍሬኑ አይለቅም፤ የቀዘቀዘው ደግሞ ጨርሶ አይዝም። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል ያለውን መኪና ግን ለዚህ መንገድ ሳታስጠግኑ እንዳትጭኑበት።

መልስ፦ የድሮ ሾፌር

ወንድሜ መካኒኩ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ የትኛውም ሻጭ መኪናውን ጭኖ ጣርማበርን እንዲያስወጡበት ለማያውቃቸው ሰዎች አይሰጥም። መፍትሔው መከራየት ነው። ለአንድ ጉዞ በገበያው ዋጋ ተከራዩት፣ የራሳችሁን ሽንኩርት ጫኑ፣ መካኒካችሁን ጋቢና ውስጥ አስቀምጡ፤ ሻጩም የራሱን ሾፌር ይመድብ። ለኪራይም እምቢ ካለ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁት፤ መልሱን ሰምታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

እኔ ከሞተሩ ይልቅ የምፈራው ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመውን የብረት አጽም ነው። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፤ ከልክ በላይ ድንጋይና ጠጠር ሲጭን የኖረ ሻንሲ ግን ተበይዶ ቢቀባም ያው ከልክ ያለፈ ጭነት ሲጫንበት ብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ሥር ገብታችሁ የባሌስትራ (የጎማ ምላሱ ብረት) ማሰሪያዎቹን አካባቢና ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ክፍል በባትሪ ብርሃን መርምሩ። ቀለሙ አዲስ መሆኑን ጠቅሰዋል፤ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም አዲስ ከሆነ ምን ለመሸፈን እንደተቀባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውኃ የፈሰሰበት አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኋላው የጎማ ዱካ ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ጎን ያደላ ከሆነ አክሰሉ ወይም ሻንሲው ዞሯል።

ጎማውንም ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ጎኑ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

መልስ፦ ጉዳይ አስፈጻሚ

ስለ ወረቀቱ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ከዚያ በላይ አትሂዱ። መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ጠይቁ፤ ሻጩ የሚያሳያችሁ የድሮ ማስረጃ አይበቃም። ዋናው ገንዘብ የሚከፈለው ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ሲፈረም እንጂ ደላላው ቢሮ አይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ስለሚጠብቅበት፣ ከተረከባችሁም በኋላ ወራት አታሳልፉ።

ጠያቂ፦ ባለ ሽንኩርቱ ከቀወት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኪራዩን ሐሳብ ሸሪኬም ወዶታል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን ይቻላል? ሻጩ ሞተሩ አንድ ጊዜ ወርዶ ታድሷል ማለቱስ ያሳስባል?

መልስ፦ መካኒክ ከደብረ ሲና

ቆጣሪው ሊመለስ ስለሚችል የፔዳሎቹን ጎማ፣ የመሪውን ገጽና የሾፌሩን ወንበር ተመልከቱ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ፔዳሉ እስከ ብረቱ አይበላም። የታደሰ ሞተርን በተመለከተ ሌሎች ሊቃወሙኝ ቢችሉም፣ የመለዋወጫ ደረሰኝና የሠራው ጋራዥ ካለ ታሪኩ ካልታወቀ ያልተነካ ሞተር ይልቅ የታደሰውን እመርጣለሁ። ጋራዡን ፈልጋችሁ ምን እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ፋሻ ብቻ ተቀይሮ ሲሊንደሩ ሳይለካ ከተገጠመ ዕድሳቱን በዋጋው ላይ አትቁጠሩት። ለኪራይ ጉዞው በምትነሡበት ዕለት ደግሞ ሞተሩ ከብርዱ ሲነሣ እንድታዩት ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሣው ነግራችሁ በጠዋት ድረሱ፤ ስትደርሱ ሞቆ ካገኛችሁት ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ።