አስቸኳይ! የኦክስጅን መለኪያው 0.3 ይላል፣ አሳዎቹ ግን ይዋኛሉ

ቲቸር ሳይንስ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። አሁን ከ38 ተማሪዎች ጋር አንድ የሥነ ምህዳር ትምህርት ማዕከል ውስጥ ነኝ። 8ኛ ክፍል ናቸው። የመጣነው የኩሬውን የሟሟ ኦክስጅን ልንለካ ነው። መለኪያው ተበላሸብኝ! 0.3 ይላል። ሁለት ቡድን ለካ፣ ሁለቱም 0.3 ሚሊ ግራም በሊትር። አሳዎቹ ግን ፊታችን ይዋኛሉ። ሞተው ቢሆን እሺ እል ነበር። ሦስት ቡድን ቀርቷል፣ ከምሳ በፊት መጨረስ አለብን። ባትሪ ቀይሬያለሁ። አጥፍቼ አብርቻለሁ። አስጎብኚው ሌላ ክፍል ይዞ ጫካ ገብቷል። እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ!

ሰርኪት
ካሊብሬት አድርገው (ቁጥሩን ከታወቀ ልክ ጋር አስተካክለው) ወንድሜ። ሁሌም ችግሩ እዚያ ነው።

ቲቸር ሳይንስ
እህቴ ነው የሚባለው። ካሊብሬት ጠዋት መኪና ውስጥ ተደርጓል።

ሳቂታው
ቆቡን አውልቃችሁለታል? እኔ አንዴ ከነቆቡ ስለካ ውያለሁ። ኩሬው ሞቷል ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ቲቸር ሳይንስ
ሃሃ ወልቋል። ቀልድ በኋላ።

አሮጌው መምህር
ልጄ፣ ችግራችሁ ትምህርቱን ከመሣሪያ መጀመራችሁ ነው። ቁልፍ ተጭኖ ቁጥር ማንበብ ሳይንስ አይደለም። የሃንጋሪው ኬሚስት ላዮሽ ቪንክለር የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ ዘዴውን ያወጣው በ1888 ነው። ባትሪ የለ፣ ስክሪን የለ። የማንጋኒዝ ጨው ትጨምሪያለሽ፣ አዮዳይድ ያለበት አልካሊ ትጨምሪያለሽ፣ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል። ከዚያ አሲድ ሲገባ አዮዲን ይለቀቃል፣ እሱን ታዮሰልፌት በሚባል፣ ቀለሙን በሚያጠፋ ጨው ትለኪዋለሽ። ልጁ ቀለሙ ሲጠፋ በዓይኑ ያያል። የዛሬ ልጅ ምን ያያል? ስክሪን። እኛ ስናስተምር...

ቲቸር ሳይንስ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን እዚህ አሲድ የለኝም። 38 ልጅና አንድ መለኪያ ነው ያለኝ።

ላብ ቴክኒሻን
እስቲ መጀመሪያ መሣሪያውን እንፈትነው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ንጹህ ውኃ ሙዪበት። ክዳኑን ግጠሚና አንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ናጪው። አየሩ ውኃው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ክፈቺና ለኪ።

ውኃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ወደ 9 ሚሊ ግራም በሊትር ማለት አለበት። 25 ዲግሪ ከሆነ ከ8 ትንሽ በላይ። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከፍታ ቦታ ላይ ከሆናችሁም ዝቅ ይላል፣ አትደንግጪ። ጠርሙሱ ውስጥም 0.3 ካለ ያኔ ተበላሽቷል።

ሌላም ልጨምር። ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ያለው ዓይነት ነው? ከሆነ ሽፋኑ ሥር የአየር አረፋ እንዳለ እዪ። የውስጡ ፈሳሽም ደርቆ ይሆናል። ይሄ ዓይነት ሲለካ ኦክስጅኑን ራሱ ይበላል። ውኃው ውስጥ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ዙሪያውን ያለውን ይጨርስና ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ቀስ እያልሽ አወዛውዢው። በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ግን ይሄ ችግር የለበትም።

ሰርኪት
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ካሊብሬት።

ላብ ቴክኒሻን
ይህንን አይደለም ያልከው።

የኩሬ ልጅ
ቆይ፣ መለኪያው ተበላሽቷል ያለው ማነው? አሳ ስለዋኘ ብቻ ነው? የት ነው የምትለኩት፣ ከላይ ነው ከታች? አሳዎቹስ የኩሬው የትኛው ቦታ ላይ ናቸው?

ቲቸር ሳይንስ
ከእንጨት ርብራቡ ጫፍ ላይ ሆነን ገመዱን መሬት እስኪነካ ለቀቅነው። 2 ሜትር ይሆናል። አሳዎቹ ላይ ላይ ናቸው። አፋቸውን ከፍተው ልጆቹን ምግብ ይለምናሉ። ልጆቹም ዳቦ እየጣሉላቸው ነው፣ ዛሬ እንደዚህ የተደሰቱበት ነገር የለም።

የኩሬ ልጅ
ዳቦውን ይበሉታል?

ሁሉን አዋቂ
ይቅርታና 38 ልጅ ውኃ ዳር ይዘሽ ስልክ ላይ ነሽ?

ቲቸር ሳይንስ
ሦስት መምህራን ነን። እኔ መለኪያው ላይ ነኝ።

ዳቦውን... አይ። ተንሳፍፎ ቀርቷል። ከእኛ በፊት የመጡት አጥግበዋቸው መስሎኝ ነበር።

የኩሬ ልጅ
አልጠገቡም። ታፍነው ነው። ዳቦ መጣሉን አሁኑኑ አስቁሚ፣ ከዚያ አንብቢ።

አሳ ኦክስጅን ሲያጥረው ወደ ላይ ይወጣል። ከአየር ጋር የሚነካካው ስስ የውኃ ሽፋን ከታቹ የተሻለ ኦክስጅን አለው። እሱን ነው በአፋቸው የሚስቡት። የሚለምኑ የሚመስሉት ለዚህ ነው። የራበው አሳ ዳቦ ሲወድቅለት ይሻማል። የታፈነ አሳ ዳቦው አፍንጫው ሥር ቢወድቅም ዞር ብሎ አያየውም። ጥላሽን ጣዪበት እስቲ። ጤነኛ ከሆነ ወደ ታች ይጠልቃል። የታፈነው እዚያው ይቆያል።

የታቹ 0.3 ደግሞ ምንም አይገርምም። ኩሬ ታች ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ነው ያለው። ባክቴሪያው ቅጠሉን ሲያበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ፀሐይ የላዩን ውኃ ስታሞቀው ቀለል ብሎ ላይ ይቀመጣል፣ ከታቹ ጋር አይቀላቀልም። እንደ ዘይትና ውኃ ባይሆንም እንደዚያ በይው። ስለዚህ መለኪያሽ ጭቃውን ነው የለካልሽ፣ ልክ ነው ያለው። ሴንሰሩን ስታወጪው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል? ከሸተተ በንጹህ ውኃ እጠቢው፣ ያ ጋዝ ለሴንሰርም አይበጅም።

አሁን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለኪና ሦስት ቁጥር ንገሪን። ኩሬው ላይ አረንጓዴ ነገር ተነጥፏል?

ሳቂታው
አሳዎቹ አፋቸውን ከፍተው ካሊብሬት አድርጉን እያሉ ነው።

ቲቸር ሳይንስ
አረንጓዴው አለ። ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል፣ ትንንሽ ክብ ቅጠል፣ ምንጣፍ ይመስላል። ፎቶ የተነሣነው እዚያ ፊት ለፊት ነው 🙈 ሽታውም አለ። ልጆቹ አንዱን ልጅ ሲከሱት ነበር፣ ለካ ኩሬው ነው። ልለካ ሄድኩ።

አሮጌው መምህር
ግልጽነቱንም ለኩ። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው አንጄሎ ሴኪ በ1865 ነጭ ክብ ሳህን በገመድ ባሕር ውስጥ እየጣለ እስከ የት እንደሚታይ ለክቷል። ዛሬም ያው ነው የሚሠራበት፣ ለሐይቅ የሚሆነው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ጥቁርና ነጭ ይቀባል። ባትሪ አይፈልግም። ይህንን ደጋግሜ ብናገር የሚሰማኝ የለም።

ነፍሳት ወዳድ
ጋሼ አሁን ጥሩ ነገር አሉ። እኔም መለኪያ ብዙ አላምንም። ነጭ ትሪ ወይም ነጭ ሳህን አላችሁ? በመረብ ከኩሬው ዳር ጭቃውን ዛቅ አድርጋችሁ ትሪው ላይ ከውኃ ጋር ድፉት። ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ደም የመሰለ ቀይ ትል ካያችሁ የማይናከስ የትንኝ ዘመድ እጭ ነው። ቀይ የሆነው ልክ እንደ እኛ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ በዚያ ነው ትንሹን ኦክስጅን የሚቆጥበው። ረጅም ጭራ ያለው ነጭ ትል ካያችሁ ደግሞ ያ ጭራ መተንፈሻ ቱቦው ነው፣ ከውኃው በላይ አውጥቶ አየር ይስባል። የወባ ትንኝ እጭም አየር የሚያገኘው ከውኃው በላይ ነው። እነዚህ ብቻ ከሞሉ መለኪያችሁ እውነቱን ነው። ሦስት ጭራ ያለው፣ ሆዱ ጎንና ጎን ላባ የሚመስል ስንጥብ (የውኃ ውስጥ መተንፈሻ) የሚያርገበግብ የሜይፍላይ (የአንድ በራሪ ነፍሳት) እጭ ካገኛችሁ ግን ጥርጣሬ ግቡ፣ እሱ ኦክስጅን በጠፋበት ብዙ አይገኝም። ስታበቁ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሱ። በጠርሙስ ዘግቶ ወደ ቤት የሚወስድ ልጅ አይጠፋም፣ ቦርሳ ፈትሹ።

ሰርኪት
የሙቀት ማስተካከያውን አይታችኋል? ካሊብሬት ሲደረግና ሲለካ ሙቀቱ ከተለያየ...

ሳቂታው
ወንድሜ አንተን ራስህን ካሊብሬት የሚያደርግልህ ሰው እንፈልግልህ?

ቲቸር ሳይንስ
መጣሁ! የናጥነው ጠርሙስ 8.4 አለ፣ ውኃው 22 ዲግሪ ነው። ኩሬው ከላይ 1.9፣ መሃል 0.8፣ ታች 0.3። ጥላዬን ጣልኩባቸው፣ አንዳቸውም አልጠለቁም 😢 እና መለኪያው ደህና ነው ማለት ነው? ሁለት ቡድን የጻፈውን አሰርዣቸው ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?

ላብ ቴክኒሻን
መለኪያው ደህና ነው። 8.4 ለ22 ዲግሪ ጥሩ ቁጥር ነው። የተሰረዘው እንደገና እንዲጻፍ አድርጊ። ተማሪ የለካውን መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ብሎ መሰረዝ ከጀመረ ያ ልማድ አይለቀውም። ከቁጥሩ አጠገብ ጥልቀቱንና ሰዓቱን ይጻፉ፣ 0.3 ብቻውን ምንም አይናገርም።

የኩሬ ልጅ
1.9 ከላይ መጥፎ ነው። ብዙ አሳ ከ5 በላይ ሲሆን ነው የሚመቸው፣ ከ2 በታች ይጨነቃል። እስቲ አስቢው፣ እኛ የምንተነፍሰው አንድ ሊትር አየር ወደ 280 ሚሊ ግራም ኦክስጅን አለው። እነሱ ደህና በሚባል ቀን 8 ወይም 9 ነው የሚያገኙት። ዛሬ 2 እንኳ አልሞላላቸውም።

ሰዓቱም ጠዋት መሆኑን አትርሺ። ዕፅዋትና ዋቅላሚ (አልጌ) ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራሉ። ማታ ሥራው ይቆማል፣ መተንፈሱ ግን አይቆምም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅኑ ሲበላ ያድራል፣ ንጋት ላይ ከሁሉም ዝቅ ይላል። ከሰዓት ብትለኪ ከፍ ሊል ይችላል። እንደውም ሦስቱን ቡድን ከምሳ በኋላ አድርጊያቸው፣ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ያወዳድሩ። ምንጣፉ ግን ብርሃኑንም አየሩንም ስለሚከለክል ብዙ አልጠብቅም።

ግን እሱ የሪፖርት ነገር ነው። አሁን የማዕከሉን ሰው ፈልጊ። ውኃ የሚረጭ ወይም አየር የሚነፋ ፓምፕ የላቸውም?

ቲቸር ሳይንስ
ዳር ላይ ሰማያዊ ሳጥን አለ፣ ቱቦ ወደ ኩሬው ይገባል። ድምፅ የለውም። ጉብኝት ስላለ ጸጥ ያደረጉት መስሎኝ ነበር...

የኩሬ ልጅ
እሱ ነው!! ራስሽ እንዳትነካኪው፣ ውኃና ኤሌክትሪክ ነው፣ ልጆችም አሉ። አስጎብኚውን ከጫካው አስጠሪው።

ቲቸር ሳይንስ
እሺ ልጅ ልኬያለሁ። አንዷ ተማሪ በባልዲ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን ብናፈሰውስ አለችኝ። ይሠራል?

የኩሬ ልጅ
ጎበዝ ናት! ኩሬውን ሙሉ አያድነውም፣ አሳዎቹ የተሰበሰቡበትን ጥግ ግን ይረዳል። ከላይ ከላዩ ቅዱ፣ ታቹን እንዳታናውጡት። ጭቃው ከተነሣ ይባስ ኦክስጅኑን ይበላል።

ቲቸር ሳይንስ
ባልዲ አራት አለ፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል። መጣሁ።

ሁሉን አዋቂ
የመስክ ጉብኝት ነው የጉልበት ሥራ? ወላጆች ያውቃሉ?

አሮጌው መምህር
ተማሪ ባልዲ ይዞ አሳ ሲያድን ወላጅ ምን ይላል? እኔ ብሆን ውጤት እሰጣቸዋለሁ። ግን በቪንክለር ቢለካ ኖሮ ጠዋቱኑ...

ሰርኪት
ለማንኛውም ወደ ቤት ስትመለሱ ካሊብሬት አድርጉት።

ሳቂታው (በማግሥቱ)
ቲቸር? ፓምፑ ተነሣ? ከሰዓት ስንት አለ?

ላብ ቴክኒሻን (ከሦስት ቀን በኋላ)
እኔም ቁጥሩን እየጠበቅኩ ነው።

አዲስ አባል (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ የእኛም መለኪያ 0.4 ይላል። የእኛ ኩሬ ግን አሳ የለውም። ዳቦ ብንጥል ማን ይነግረናል?